ምሰሶን መቃኘት

ድንኳን ሲተከል ቆሞ ያየ ሰው የባለሸራ ጀልባን ምሰሶ ግማሽ ያህል ያውቀዋል። መሃል ላይ ቋሚ፣ ዙሪያውን ገመድ፣ ከገመዱ ጫፍ ካስማ። ቀሪውን ግማሽ የሚያውቀው ክራር የሚቃኝ ሰው ነው። እሱ ጅማቱን የሚያዞረው ጉልበቱ እስከቻለ ሳይሆን ድምፁ ልኩን እስኪይዝ ነው። አንዱን ካነሳ በኋላም ወደ ሌሎቹ ተመልሶ ያዳምጣል፤ የአንዱ ጅማት መጥበቅ ቀንበሩን ወደ ታች ስቦ የጎረቤቱን ያላላዋልና። ምሰሶን ደግፈው የያዙት የብረት ሽቦዎችም ጠባያቸው ይኸው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ቢሆኑ ይህን ሥራ የሚጠሩት በሙዚቃ መሣሪያ ቃኚ ግስ ነው።

በጣና ላይ ታንኳ የሚነዳው በመቅዘፊያ ነው፤ ስለ ምሰሶና ስለ ሸራ በአማርኛ የምናወራው ጥቂት መሆኑ አይገርምም። በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው አንባቢ ግን ነገሩ ሩቅ አይደለም። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና የጀልባ ከተማዋ አናፖሊስ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቁት፤ ያገለገለች ትንሽ ባለሸራ ጀልባም ብዙ ጊዜ ካገለገለ መኪና ባነሰ ዋጋ ትገኛለች። ከእነዚህ ሁሉ ለምሳሌ የምትመቸው ካታሊና 22 ናት። ፍራንክ በትለር በ1960ዎቹ መጨረሻ የነደፋት፣ ከ15,000 በላይ የተሠራች፣ 6.5 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ በመኪና የምትጎተት ጀልባ ናት። አልሙኒየም ምሰሶዋ የሚቆመው በካቢኗ ጣሪያ ላይ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል።

ሽቦዎቹን በስም እንለይ። ከምሰሶው አናት ወደ ጀልባዋ አፍንጫ የሚወርደው ፎርስቴይ ነው፤ ወደ ኋላዋ የሚወርደው ባክስቴይ። የፊት ሽቦና የኋላ ሽቦ እንበላቸው። ከአናቱ ተነስተው ስፕሬደር በሚባሉት፣ ከምሰሶው ወገብ ላይ እንደ መስቀል በተዘረጉት ሁለት ክንዶች ጫፍ አልፈው ወደ ግራና ቀኝ የሚወርዱት የላይ ጎን ሽቦዎች ናቸው። ከክንዶቹ ሥር የሚነሱት ደግሞ የታች ጎን ሽቦዎች፤ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ናቸው፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ያዘነበለ። በድምሩ ስምንት። የሚታሰሩበት ብረት ከጀልባዋ አካል ጋር በቡሎን የተያዘ ነው፤ የጀልባዋ ካስማ እሱ ነው።

የሚጠብቁትም የሚላሉትም በተርንበክል ነው። ተርንበክል በአንድ ጫፉ የቀኝ ጥርስ፣ በሌላው የግራ ጥርስ ያለው ማጥበቂያ ነው። አካሉ ሲዞር ሁለቱም ጫፎች አብረው ስለሚገቡ በአንድ ዙር የሚገኘው ማጠር የአንዱ ጥርስ እርምጃ እጥፍ ይሆናል። በዚህ መጠን ባሉ ጀልባዎች ላይ የተለመደው ሩብ ኢንች ተርንበክል በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ካለው፣ አንድ ሙሉ ዙር 1.8 ሚሊ ሜትር ያሳጥራል። ቁጥሯ ትንሽ ትመስላለች፤ ስድስት ጊዜ ስትደጋገም ግን ምን እንደምትሠራ ወደ ታች እናየዋለን።

መላላት ለምን ይጎዳል?

ሽቦን ላላ አድርጎ መተው ለጀልባዋ ማዘን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሒሳቡ ሌላ ይላል። የግራና የቀኝ የላይ ጎን ሽቦዎች ወደብ ላይ እያንዳንዳቸው በ100 ኪሎ ተወጥረዋል እንበል። ነፋሱ መጥቶ በሽቦው አቅጣጫ 120 ኪሎ ሲጨምር ጭነቱን ሁለቱ ይካፈሉታል፦ በነፋሱ ወገን ያለው ወደ 160 ይወጣል፣ በከለላው ወገን ያለው ወደ 40 ይወርዳል። ነፋሱ 200 ሲደርስ የነፋሱ ወገን 200 ይይዛል፣ የከለላው ዜሮ ይሆናል። አሁን ያው ነፋስ ከመጀመሪያውም ላልተው በነበሩ ሽቦዎች ላይ ቢመጣ በነፋሱ ወገን ያለው ሽቦ የሚሸከመው ስንት ነው? ያው 200። አስቀድሞ መወጠሩ በከባድ ነፋስ ጊዜ በሽቦው ላይ አንድ ኪሎ አልጨመረም። የጨመረው እስከዚያ ድረስ ሁለት ሽቦ አንዱን ምሰሶ ከሁለት ወገን እንዲይዙት ነው።

የላላው ግን ምሰሶውን ያስደንሰዋል። በእያንዳንዱ ማዕበል አናቱ ሄዶ ይመለሳል፣ ሽቦው ይረግባል፣ ከዚያ ድንገት ይነጠቃል። ሽቦን የሚገድለው ቀስ ብሎ የሚመጣ ጭነት ሳይሆን ይህ ንጥቂያ ነው፤ የሚሰነጠቀውም አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ወደ ጫፍ ማሰሪያው በሚገባበት ቦታ ነው። ሸራውም ያሳብቃል። የፊት ሽቦው ላልቶ ወደ ከለላው ወገን ሲረግብ የፊት ሸራው እንደ ከረጢት ይሞላል፤ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ተጠግታ መሄድ ያቅታታል፣ ከሚገባው በላይም ትዘማለች። ጥፋቱ የሸራው እየመሰለ ሰው አዲስ ሸራ ይገዛል።

ከልክ በላይ መጥበቅም የራሱ ዕዳ አለው። ስምንቱም ሽቦዎች የሚጎትቱት ወደ ታች ስለሆነ ድምራቸው ምሰሶውን እንደ ሚስማር ጣሪያው ላይ ይተክለዋል።

ከመንካት በፊት

መጀመሪያ ምርመራ። ለስላሳ ወረቀት ወይም ጥጥ ጨብጦ ሽቦውን ከላይ ወደ ታች መጥረግ፤ ክሩ ተበጥሶ የወጣ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። በባዶ እጅ አይሞከርም፣ እንደ መርፌ ይገባል። አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ያ ሽቦ ይለወጣል፤ ድርድር የለውም። ጫፍ ማሰሪያዎቹ በአጉሊ መነጽር ይታዩ፦ ቀጭን ስንጥቅ፣ ከውስጥ የሚፈስ ቡናማ ዝገት፣ የጎበጠ አንገት። በፕላስቲክ ተሸፍነው የኖሩ ቦታዎች ይገለጡ። አይዝጌ ብረት ዝገትን የሚቋቋመው አየር ሲያገኝ ነው፤ ታፍኖ እርጥበት ሲቀመጥበት ተደብቆ ይበላል። የጨው ውኃ ጀልባ ሽቦ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካገለገለ፣ ቢያብረቀርቅም ጡረታው ደርሷል።

የተርንበክሉ ጥርሶች ይጸዱና ቅባት ይቀቡ። አይዝጌ በአይዝጌ ላይ ደርቆ፣ በዚያ ላይ ጭነት እያለበት ሲዞር ይነካከሳል፤ አንዴ ከተነካከሰ በመጋዝ ካልሆነ አይላቀቅም። ደግሞ ከላይ ይመልከቱ። ምሰሶ በሚነሳበትና በሚወርድበት ቦታ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ጀልባዋ ወደ ሌላ ቦታ ትሂድ። አልሙኒየም ነው የሚነሳው።

ወደብ ላይ

ሥራው የሚሠራው ጀልባዋ ውኃ ላይ ሆና፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ሸራ ሳይወጣ ነው። ተጎታቹ ላይ እያለች አካሏ የሚደገፍበት ቦታ ሌላ ስለሆነ የተለካው ሁሉ ውኃ ላይ ይለወጣል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሁለት መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የብረት ሜትር፣ ቱንቢ፣ ቅባት፣ እርሳስ። ውኃ ልክ ቤት ይቅር። ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የምትወዛወዝ ጀልባ ላይ የሚነግረው የቆመበትን ሰው ክብደት ብቻ ነው።

ሁሉም ሽቦዎች ምሰሶው እንዳይወድቅ ብቻ በእጅ እስኪያዙ ድረስ ይላሉ። የታችዎቹ ጭራሽ ይርገቡ። ቅደም ተከተሉ ላይ ችኮላ የለም፤ የተበላሸ ቅኝት አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው።

ቀዳሚው የፊት ሽቦ ርዝመት ነው፤ ምሰሶው ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚወስነው እሱ ነውና። ቱንቢውን በዋናው ሸራ መስቀያ ገመድ አናቱ ድረስ መስቀልና ታች ከምሰሶው ጀርባ ያለውን ክፍተት መለካት ነው። በ7.5 ሜትር ምሰሶ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለመዝናኛ ጀልባ ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ጥሩ መነሻ ነው። ቱንቢው ከተወዛወዘ ጫፉን ውኃ ባልዲ ውስጥ መንከር ያረጋጋዋል፤ ይህን ማንም ግንበኛ ያውቀዋል። ወደ ኋላ በበለጠ ባዘነበለ መጠን ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ለማዞር የምታደርገው ትግል ይጨምራል፣ መሪውም በእጅ ላይ ይከብዳል። መሪው ከመጠን በላይ ከከበደ የፊት ሽቦው ትንሽ ይጠር፤ ጭራሽ ምንም ካልተሰማ ትንሽ ይርዘም።

ሁለተኛው የላይ ጎን ሽቦዎች ናቸው። የብረት ሜትሩን በዚያው መስቀያ ገመድ ወደ አናቱ ሰቅሎ፣ በቀኝና በግራ ካስማዎች ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ መንካት፤ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ አንዱን ማጥበቅ ሌላውን ማላላት። አናቱ መሃል ከገባ በኋላ ማጥበቁ በሁለቱም ወገን እኩል ነው፦ ግማሽ ዙር በቀኝ፣ ግማሽ ዙር በግራ፣ እንደገና። አንዱን አጥብቆ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የተገኘውን መሃል ያጠፋዋል። ካስማዎቹ ራሳቸው በፋብሪካ እኩል ተቀምጠዋል ብሎ ማመንም አይገባም፤ ከጀልባዋ አፍንጫ ወደ እያንዳንዳቸው መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ምን ያህል ይጥበቅ? እዚህ ላይ "በጣት ሲነካ" የሚል መልስ ለሚሰጥ ሰው ትዕግሥት የለኝም። የአንዱ ጣት የሌላው አይደለም። ሽቦን ነክቶ ድምፁን መስማትም የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ድምፁ ከውጥረቱ በተጨማሪ በርዝመቱና በክብደቱ ስለሚወሰን፣ እኩል ርዝመትና ውፍረት ያላቸውን የግራና የቀኝ ጥንዶች ማመሳከር ይቻላል፤ የላዩን ከታቹ ጋር ማወዳደር ግን ክራርን ከበገና ጋር በድምፅ እንደማወዳደር ነው።

ቁጥር ለሚፈልግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሉስ የሚባለው መለኪያ ነው፤ ሽቦው ላይ ተሰክቶ ምን ያህል እንደጎበጠለት አይቶ ውጥረቱን ይናገራል። ለሽቦው ውፍረት የሚሆነውን ሞዴል መምረጥና ጥንዶቹን እኩል ከፍታ ላይ መለካት በቂ ነው። ሁለተኛውን መንገድ ይበልጥ እወደዋለሁ፤ የስዊድኑ ምሰሶ አምራች ሴልደን በመመሪያው የሚያስተምረው ነው፣ ከቀጥ ያለ ዘንግና ካሊፐር ከሚባለው የጥቃቅን ርቀት መለኪያ በቀር የሚጠይቀው ወጪም የለም። 1 በ19 የሚባለው፣ ከ19 ነጠላ ክሮች የተገመደው የተለመደ ሽቦ በ2 ሜትር ርዝመቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲሳብ የተሸከመው የመበጠሻውን 5 በመቶ ነው። ውፍረቱ 3 ይሁን 6 ሚሊ ሜትር ሕጉ አይለወጥም፤ ሽቦው ሲወፍር ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይልም መበጠሻውም በአንድ ልክ ስለሚያድጉ። 2 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ላይኛው ጫፉ ከሽቦው ጋር በጥብቅ ይታሰራል፤ ታችኛው ጫፉ ሽቦውን ተጠግቶ ነጻ ይሆናል። ሽቦው በእጅ ብቻ ተጠባብቆ እያለ ከዘንጉ ጫፍ ትይዩ ሽቦው ላይ ምልክት ይደረጋል። ሲጠብቅ ምልክቱ ከዘንጉ ይርቃል፤ ርቀቱ በካሊፐር ይነበባል።

ስፕሬደሮቹ ወደ ጎን ቀጥ ብለው ለተዘረጉባት፣ የፊት ሽቦዋም ከአናቱ ለሚነሳላት እንደ ካታሊና 22 ላለች ጀልባ የላይ ጎን ሽቦዎች ግብ 15 በመቶ ነው፤ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር። መበጠሻው 720 ኪሎ ለሆነ የ3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህ 108 ኪሎ ነው፤ መበጠሻው 1,280 ለሆነ የ4 ሚሊ ሜትር ሽቦ 190 ገደማ። ወደ ተርንበክሉ እንመለስ። 7.5 ሜትር የሚረዝም ሽቦ 15 በመቶ ሲደርስ ጠቅላላ የሚሳበው 11 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ1.8 ሲካፈል ስድስት ዙር። በተግባር ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፣ ምሰሶው ስለሚታመቅ፣ የጀልባዋ አካልም ስለሚታዘዝ። 12 ዙር ዞሮ ገና ካልደረሰ ግን ማዞሩ ይቁም፤ የሆነ ነገር እየሰመጠ ነው። ስፕሬደራቸው ወደ ኋላ ያዘነበለባቸው ጀልባዎች ላይ የፊት ሽቦውንም የሚወጥሩት እነዚሁ የጎን ሽቦዎች ስለሆኑ ግቡ ወደ 20 በመቶ ይወጣል። በማንኛውም ሁኔታ ከ25 መዝለል የለበትም።

የታች ጎን ሽቦዎች ሥራቸው የምሰሶውን ወገብ መያዝ ነው። ከምሰሶው ሥር ቁጭ ብሎ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ሸራው በሚገባበት ሰርጥ ወደ ላይ ማየት፤ ሰርጡ እንደ ክር ቀጥ ካላለ ወገቡ ወደ ጎበጠበት ተቃራኒ ያለው ይጠብቃል። የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይበልጥ ይጥበቁ፣ ወገቡ ወደ ፊት ትንሽ እንዲወጣ፤ ከምሰሶው ውፍረት ግማሽ ያልበለጠ ጉብጠት። ወገቡ ወደ ኋላ ከጎበጠ አደገኛ ነው፤ ማዕበል ሲመታ ምሰሶው በዚያው አቅጣጫ ሊሰበር ይችላል።

የኋላ ሽቦው መጨረሻ ይጠብቃል። የፊት ሽቦውን በእውነት የሚወጥረው እሱ ነው፤ የፊት ሸራዋ በመጠቅለያ ለሆነባት ጀልባ፣ ሽቦው ተሸፍኖ መለኪያ ስለማያስገባ፣ የፊቱን ውጥረት የምናውቀውም በኋላው በኩል ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃዋል። ከዚያ የላይ ጎን ሽቦዎችን እንደገና መለካት። ተቀይረዋል፤ ክራሩን ያስታውሱ።

ውኃ ላይ

ከ10 እስከ 15 ኖት ነፋስ፣ ማለትም በሰዓት ከ18 እስከ 28 ኪሎ ሜትር፣ ሙሉ ሸራ፣ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ተጠግታ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዘምማ። የከለላው ወገን የላይ ጎን ሽቦ አሁን ገና መላላት መጀመር አለበት፤ በጣት ሲገፋ ይታዘዝ፣ ግን አይወዛወዝ። ከተንጠለጠለ ያንኑ የላላውን ሽቦ ማጥበቅ፣ ዙሩን መቁጠር፣ ጀልባዋን አዙሮ ሌላው ሲላላ ያንኑ ቁጥር መድገም። ጭነት የተሸከመውን ሽቦ ማዞር ክልክል ነው፤ የጥርሱ መነካከስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከዚያ እንደገና ሰርጡን ማየት። አናቱ ወደ ከለላው ወገን ከወደቀ የላይኛው ላልቷል። አናቱ ቀጥ ብሎ ወገቡ ወደ ከለላው ከሸሸ የታችኞቹ ላልተዋል። በሁለቱም አቅጣጫ ቀጥ ሲል ሥራው አልቋል።

አዲስ ሽቦ ግን ክሮቹ እስኪቀመጡ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች ይላላል፤ እንደገና ይቃኛል። ሙቀትም እጁን ያስገባል። አልሙኒየም ከብረት ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ በ30 ዲግሪ ልዩነት የ7.5 ሜትር ምሰሶ ከሽቦዎቹ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል በልጦ ይረዝማል፤ የማጥበቂያው አንድ ዙር ማለት ነው። በብርዳማ ማለዳ ልክ የነበረው በሐምሌ ቀትር ጠብቆ ይገኛል፣ ማንም ሳይነካው።

ሲያልቅ መቆለፍ። ተርንበክል በንዝረት ራሱን ይፈታል፤ በዳዶ ብቻ የተያዘ አይታመንም። ኮተር ፒን የሚባለው ሁለት እግር ያለው የመቆለፊያ ፒን ይግባ፣ እግሮቹ ከ20 ዲግሪ ባልበለጠ ይከፈቱ። ወደ ኋላ ተቆልምመው የተጠቀለሉ ፒኖች በአደጋ ጊዜ አይወጡም፣ ሲወጡም ይሰበራሉ። ጫፎቹ በፕላስተር ይሸፈኑ፣ ሸራ እንዳይቀድዱ። ጥርሱም ከውፍረቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል አካሉ ውስጥ መግባቱ ይታይ። ምሰሷቸው በየጉዞው ለሚነሳና ለሚወርድ ጀልባዎች ሌላ ጠንቅ አለ፦ ምሰሶው ሲነሳ ተርንበክሉ ከካስማው ጋር ሳይሰለፍ ተይዞ ይጎብጣል። በዓይን የማይታይ ጉብጠት እንኳ ጥርሱን ያደክመዋል። ምሰሶውን የሚያነሳው ሰው ሌላውን ሰው ተርንበክሎቹን እንዲያቃና ማሰማራት አለበት፤ ብቻውን ከሆነ ቀስ ብሎ፣ እየቆመ እያየ።

አንድ ነገር ይቀራል። በየሁለት ሳምንቱ የሚላላ፣ ተጠብቆ እንደገና የሚላላ ሽቦ አለ። የመጀመሪያ ጉዞዎቹን የጨረሰ ሽቦ ሲወጠር ይሳባል እንጂ ረዝሞ አይቀርም፤ ስለዚህ እየሸሸ ያለው ሌላ ነው። ምሰሶዋ ጣሪያ ላይ በቆመባት ጀልባ ተጠርጣሪው ጣሪያው ነው። በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ያለው እንጨት በቪቴ ቀዳዳ በኩል ውኃ ጠጥቶ ሲበሰብስ ምሰሶው ቀስ እያለ ይሰምጣል። ምልክቱ ካቢን ውስጥ ነው፦ ሽቦዎቹ ሲጠብቁ የማይዘጋ፣ ሲላሉ የሚዘጋ በር። ከምሰሶው ሥር የቆመው የካቢኑ ድጋፍም ታቹ ጠቁሮ፣ በካቻቪቴ ጫፍ ሲወጋ ይገባል። ከላይ ጣሪያውን በካቻቪቴው እጀታ ከዳር ወደ ምሰሶው ሥር እየመቱ መሄድ ነው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ። የታፈነው ድምፅ ከተሰማ ሽቦዎቹ ይላሉ፣ ምሰሶው ይውረድ፣ ጣሪያው ይከፈት።